አንድ ጉንጭ ውሃ

ትንሿ ልጄ ውሃ ስትጠጣ ከብርጭቆው ሥር አንድ ጉንጭ ትታ ትነሳለች። ማንም አላስተማራትም፣ የልጅ ነገር ነው። እኔን ግን ያቺ የቀረች ውሃ ጎሬ ወዳለው የአባቴ ቤት ትወስደኛለች፤ ዝናብ የነካው ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና አፍንጫዬ ሥር ይሸተኛል።

አባቴ ውሃ ጨርሶ ጠጥቶ አያውቅም ነበር። የቱንም ያህል ቢጠማው ትንሽ ያስቀራል። እናቴም ትራፊውን በረንዳው ጥግ ያለው ጤና አዳም ሥር ትደፋዋለች። ምክንያቱን ብንጠይቀው "ልማድ ነው" ብሎ ያልፈናል። የድሮው ጦር ወታደር እንደነበረና በሰሜን አንድ ተራራ ላይ የቆሰለ ጓደኛውን ትቶ እንደወረደ የነገረችን እናቴ ነች፣ እሱ አንድም ቀን አላነሳውም። ከአፉ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ከዚያ ወገን የተዋጋ ሰው ደጄን አይረግጥም።"

እኔ ደግሞ የወደድኩት የታጋይ ልጅ ነበር። መቱ ውስጥ አብሮኝ ያስተምር ነበር። አባቱ ጦርነቱ ሲያልቅ ከጦር ክፍሉ ጋር መጥቶ የአገሩን ሴት አግብቶ ቀረ፤ የጭነት መኪና ይነዳል። አባቴ ስለ ልጁ ቤተሰብ ሲጠይቀኝ "አባቱ ሹፌር ነው" አልኩት። ውሸት አልነበረም። ግን ስናገር አይኑን ማየት አልቻልኩም።

እኔን ለልጁ እንዲጠይቁ የተላኩ ሁለት ሽማግሌዎች እሁድ ጠዋት መጡ። የተከራዩት መኪና መንገድ ላይ ስለተበላሸ ያመጣቸው የልጁ አባት ራሱ ነበር፤ ከመኪናው ላይወርድ ምሎላቸዋል። እኔ ጓዳ መጋረጃ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆመው "ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም" አሉ። ገና ስሜን እንዳነሱ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ጮኸች።

"ቦካን ዱፌ! ዝናብ መጣ! ቡናው!"

የከረመ ልፋታችን ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። ሁላችንም ወጣን። ነጫጭ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተንበርክከው በእጃቸው ያፍሱ ጀመር። ያ ምሎ የተቀመጠ ሹፌርም ከመኪናው ዘሎ ወረደና የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘ። ሌላውን የያዘው አባቴ ነበር። ቃል ሳይለዋወጡ እኩል አነሱት፣ እኩል ጎተቱት፣ ቡናውን በረንዳው ላይ ከመሩት።

አባቴ ትንፋሹን እየሰበሰበ ሰውየውን አየው።

"ወታደር ነበሩ?"

"ታጋይ ነበርኩ። የልጁም አባት እኔ ነኝ" አለ ሰውየው። "ይቅርታ፣ ልገባ አልነበረም።"

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ወደ መጋረጃዬ ተመልሼ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። አባቴ ግን አላባረረውም። የት እንደተዋጋ ጠየቀው፤ ሰውየው የአንድ ተራራ ስም ጠራ። አባቴ ቀስ ብሎ ከቡናው ክምር አጠገብ ተቀመጠና በመዳፉ ጫፉን እንደ ተራራ አሾለው።

"እኛ እዚህ ነበርን። መንገዱ ከሥራችን ነው፣ የሚያልፍ ሁሉ ይታየናል።"

ሰውየውም ቁጢጥ አለ። "እኛ ከዚህ ሥር። ቀና ባልን ቁጥር ትጥሉናላችሁ። ሦስት ቀን ሞከርን። ኋላ መውጣቱን ተውነውና ምንጩን ያዝን።"

"ከላይ ሆነን ውሃውን እያየነው ተጠማን" አለ አባቴ። "ያ ተራራ ሲለቀቅ መንገዱ ተከፈተ፤ የኋላው ጦር ሁሉ ተፈታ።"

 ከዚያ አባቴ፣ እንዲህ ሲቀጥን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "ጫፉ ላይ ስትወጡ ማንን አገኛችሁ?" አለ።

"አንድ ቁስለኛ። ጭኑን ተመቶ አለት ተደግፎ ነበር። ኮዳ ታቅፏል፣ ውስጡ አንድ ጉንጭ ውሃ አለ። ምነው አትጠጣም ስለው፣ የሰጠኝ ጓደኛዬም ሳይጠጣ ነው የወረደው አለኝ።"

"ፍንጭት ነበር?"

"ፍንጭት ነው። ሲያወራ ያፏጫል።"

"ከዚያስ?"

"በቃሬዛ አወረድነው፣ አንዱን ጎን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ ሕክምና ቦታ አገኘሁት፣ በከዘራ ይሄዳል። ሳቀብኝና ሲጋራ ለመነኝ። ሌሎቹ ምርኮኞች ሲለቀቁ አብሮ ወደ አገሩ ወደ ሲዳሞ ሄደ።"

"ሲጋራ!" አለ አባቴ። "ያ ውሻ፣ አሁንም ሲጋራ!" ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔም መጋረጃውን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ፣ ከደረቴ ድንጋይ የተነሳ ነው የመሰለኝ። ሰውየው እጁን አባቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

ይሄኔ ጋቢው ጭቃ የሆነው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ እኛስ? ቆመን እንቅር?"

"ተቀመጡ እንጂ" አለ አባቴ አይኑን እየጠረገ። ወደ ሰውየው ዞሮም "አንተም ተቀመጥ" አለው። "እርስዎ" መባባላቸው የቀረው እዚያ ላይ ነው።

ሁለቱ አባቶች አንድ ክረምት አብረው ሲዳሞ ወርደው ያንን ሰው ፈለጉት፣ አላገኙትም። አባቴ ግን ደስ ብሎት ተመለሰ፤ "ሄዷል፣ በእግሩ ሄዷል" እያለ ያወራ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው።

የዚያን እሁድ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ውሃ ጠየቀ። እናቴ ሰጠችው፣ ጠጣ። ከዚያ እንደ ልማዷ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ጤና አዳሙ ሄደችና ዘንበል አደረገችው። ምንም አልወጣም።