በረኪና የነካው የወተት ዕቃ

የበረኪና ሽታ በደረሰኝ ቁጥር ኤዶ ሳፊያ ትዝ ትለኛለች። በሕይወቷ በረኪና ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። ለዚህ ነው የምናደደው።

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ወተት ሻጯን ሁሉም እንደዚያ ይጠራት ነበር። ከሀርሺን በኩል በሚመጣው የጭነት መኪና ላይ፣ ከፍየሎቹ ጋር ተጭና፣ ጅግጅጋ በማለዳ ትገባለች። ጀርባዋ ላይ የምታዝለው ዲል ከዛፍ ሥሮች ተጎንጉኖ የተሠራ፣ ወገቡ በቆዳ የታሰረ የወተት ዕቃ ነው። እናቴ ታማ በተኛችበት ክረምት ወተቷን ሸጣ ስትጨርስ እኛ ግቢ እየመጣች ከእኔ ጋር ትውል ነበር። ዲሉን ማጠን ያስተማረችኝ ያኔ ነው። የእንጨት ፍም ውስጡ ይጨመራል፣ ይከደናል፣ በሁለት እጅ ይነቀነቃል፣ ከዚያ አመዱ ይራገፋል። ሳሙና አይነካውም። ወተቱን የሚያቆየው ጭሱ ነው። ዓይኔ ተቃጥሎ ፊቴን ሳዞር ትስቅብኛለች።

"አንቺ የወታደር ልጅ! ጭስ እየፈራሽ ወተት ያምርሻል?"

ስዳር ዲሉን ሰጠችኝ። ከሞተች በኋላ ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የእህቴ ልጅ ሄኖክ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የጋበዛቸውን የውጭ አገር ወጣት አገልጋዮች ቤቴ እንዳሳርፍ ለመነኝ። አራት ሴቶች ልጆች፣ ለአንድ ሳምንት። እሺ አልኩ። በመጡ ቀን የግመል ወተት በዲሉ አቀረብኩ፤ ለእንግዳ ከዚያ በላይ ክብር አላውቅም። አሸተቱና ተያዩ።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ግቢው በረኪና በረኪና ይላል። ዲሉን ነክረው፣ በሽቦ ፈትገው፣ ፀሐይ ላይ ደፍተውታል። የስንት ዓመት ጥቀርሻ ባልዲው ውስጥ ይንሳፈፋል። አንዷ በፍትጊያ የቀላ እጇን እያሳየችኝ ትስቃለች።

"አክስቴ፣ ለጤናሽ አስበው ነው'ኮ" አለኝ ሄኖክ።

"ስለ ጤናዬ ማን ጠየቃቸው? ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ጠጥቼ አልታመምኩም በላቸው። የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ አይነካም በላቸው።"

ሄኖክ በቋንቋቸው ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ። ልጆቹ ፊታቸው በርቶ ተራ በተራ አቀፉኝ። እኔም ዝም ብዬ ታቀፍኩ። እስከ ዛሬ ከበረኪናው ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። እስኪሄዱ ድረስ ቁርሳቸውን አላጓደልኩም፤ ወተት ግን ደግሜ አላቀረብኩም።

ፀሐዩ ዲሉን ሰንጥቆታል፤ ወተት ቢጨመርበት ያፈሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ፍም እጨምርበትና እነቀንቀዋለሁ። ክዳኑን ስከፍተው መጀመሪያ የሚወጣው በረኪናው ነው፤ የእሷ ጭስ ከኋላ ይመጣል። ዓይኔን ያቃጥለኛል። ፊቴን አላዞርም።