ከፀሐይ የጎደለው

ዛሬ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጄ ክው አደረገችኝ። እስካሁን አልለቀቀኝም።

የእናቴን ሁለት ቀለበቶች አንድ ላስደርግ ነበር የሄድኩት። ወርቅ ሠሪው ጋሽ ታደሰ እንደ ልማዳቸው ዓይኔ እያየ መዘኑ፣ አቀለጡ፣ እንደገና መዘኑ።

"አየሽ፣ ሚዛኑ ካልገጠመ ሌባ ነኝ ማለት ነው" አሉኝ።

ልጄ ጣልቃ ገባች። "ጋሼ፣ ፀሐይ ውስጥ ግን አይገጥምም። የሃይድሮጅን ኒውክለሶች ሲዋሃዱ የሚወጣው ሂሊየም ከድምራቸው ይቀላል። ዩራኒየም ሲሰነጠቅም ስብርባሪው ቢደመር ከበፊቱ ያንሳል።"

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። "የጎደለውን ማን ወሰደው?"

"ማንም። ኃይል ሆኖ ይወጣል።" ባንኮኒው ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን አሳየቻቸው። "ይኸውና።"

እጃቸውን ብርሃኑ ላይ ዘርግተው ቆዩ። "አርባ ዓመት ብናኝ ወርቅ እንዳይጠፋ ወለል ስጠርግ፣ ለካ የፀሐይን ጉድለት ስሞቅ ኖሬያለሁ" አሉ።

(ስልክ ላይ ተጥደሽ ትውያለሽ ብዬ ጠዋት የጮህኩባት ይህችው ልጅ ናት።)

ስንወጣ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ጥላውን ትቼ በፀሐይ ሄድኩ።

እናንተንስ ልጃችሁ እንዲህ ያስደነገጣችሁ መቼ ነው? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልደንግጥ።