የአየሩ ፊልም አፈ ጉባኤ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለቀረው የሰፈሩ ሰው ሁሉ አፈ ጉባኤ ነው። ስሙ የወጣለት ፊልም ቤቱ ውስጥ ነው። ሥራው ፊልም ማስተርጎም ነበር። ከሸራው በስተግራ ከፍ ያለች ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ ማይክሮፎኑን አገጩ ሥር አስጠግቶ በባዕድ ቋንቋ የሚያወሩትን ሁሉ በራሱ አፍ ያናግራቸዋል። ንጉሡም እሱ ነው፤ ሌባውም እሱ ነው፤ መስኮት ተደግፋ የምታለቅሰው ሙሽራም እሱ ነው። አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አፍ ከሆነ ምን ይባላል? አፈ ጉባኤ ተባለ፤ በዚያው ጸደቀለት።

ቋንቋውን ያስተማረው ሰው የለም። በወጣትነቱ የስፌት መኪና ጥገና ቤት ሲሠራ፣ ከመኪናዎቹ ጋር የሚመጡትን መመሪያዎች እያገላበጠ፣ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ፣ ቀስ በቀስ ለቀመው። ስለዚህ በዚያ ቋንቋ «እወድሻለሁ» ማለትን ሳይማር በፊት «ዘይት ጠብ አድርግ» ማለትን ተማረ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተዋወቁትም መኪናዋን ሊጠግን ቤቷ በሄደበት ነው። ይህ ወሬ ሲነሳ «ለኔም የቀደመው ዘይቱ ነው» ትላለች፤ እሱም ይስቃል።

ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ፊልም ነው። ርዕሱ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም፤ «የአየሩ ፊልም» ይሉታል። ሰዎች የጫነች መርከብ ወደ ሩቅ ኮከብ ስትጓዝ አየር የሚሠራላት መኪና ይበላሻል። የቀረው አየር ለሁሉም አይበቃም። ይጣላሉ፤ ቢላ ይማዘዛሉ። በመጨረሻ ምግብ አብሳይዋ ተነሥታ በተራ እንተንፍስ ትላለች። ግማሹ ጋደም ብሎ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ግማሹ ይሠራል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። እንደዚያ እየተፈራረቁ ይደርሳሉ። ይኸው ነው። ተኩስ የለበትም፤ የሚፈርስ ሕንፃ የለበትም። ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ይተያያሉ። ለአስተርጓሚ እንዲህ ያለ ዝምታ ማለት ለገበሬ የለሰለሰ መሬት ማለት ነው። ሴትዮዋ የተናገረችው ቃል ከሁለት አይበልጥም ነበር፤ አፈ ጉባኤ ግን «አየሩ የጋራ ነው፤ ተራችሁን ያዙ!» ብሎ አወጣው።

ያ ቃል ከአዳራሹ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ቧንቧ ሰልፍ ላይ ባልዲና ባልዲ ሲጋጭ አንዷ «አየሩ የጋራ ነው!» ስትል ሰልፉ ይስተካከላል። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ላይ ንትርክ ሲነሳም ያው ነው። ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች «አሁን የሱ ትንፋሽ ነው፤ አንቺ ጋደም በይ» ማለት ጀመሩ። ቀድሞ ሁሉም ባንዴ የሚጮኽበት የሰፈር ስብሰባ ሰው የሚደማመጥበት ሆነ። መጻሕፍትና ስብከት ሲደክሙበት የኖሩትን ነገር አንድ ፊልም ጨረሰው ለማለት አይደለም። እግዚአብሔር ግን ወደ ሰው ልብ በየትኛው በር እንደሚገባ አይታወቅም፤ አንዳንዴ በፊልም ቤት በርም ይገባል።

ሽማግሌው ባለ አዳራሽ ሲያርፍ ቤቱ ለልጁ ተላለፈ። ልጁ ክፉ አይደለም። አፈ ጉባኤን «ጋሼ» እያለ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው የሚያናግረው። ነገር ግን አዲስ ድምፅ ማጉያ አስገባ፤ ዓለም ሁሉ የሚሰለፍለትን አዲስ የሕዋ ፊልምም አስመጣ። አንድ ቀን ጠዋት አፈ ጉባኤን ወደ ትኬት ክፍሉ ጠራው።

«ጋሼ፣ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው የቆየሁት» አለ።

«ከፈራህ ቶሎ ተናገረው፤ ፍርሃት ሲውል ሲያድር ይወፍራል።»

«ይሄ ፊልም ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ይመጣል፤ በኛው ቋንቋ። ወጣቶቹ አስተርጓሚ ይረብሸናል ይላሉ። እርስዎን እንዲሁ ውጡ ማለት ደግሞ አልችልም። የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት እርስዎ ያስተርጉሙት። ሰዉ ከወደደው ወንበርዎ ባለበት ይቆያል። ካልወደደው ግን…»

«ወንበሯን ለሚስቴ እወስድላታለሁ፤ ስትሰፋ ጀርባዋን ያማታል» አለ አፈ ጉባኤ። ቀልድ አስመስሎ ተናገረው እንጂ ፈርቷል። ስፌት መኪና መጠገን አሁንም ይችላል፤ ከረሃብ ያድነዋል። የፈራው ሌላ ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሌሎች ሰዎች ቃል ሲናገር የኖረ ሰው፣ ያ ከቀረበት ምን ብሎ ያወራል?

ከአዳራሹ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ አለ። የጥንት ጓደኛው ነው፤ ሲገናኙ ሳይነካከሱ አይውሉም። ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ሰማሁ! ሰማሁ! የአየሩ ፊልም ጌታውን አገኘ አሉ!»

«ማን አባቱ ነው ጌታው?»

«አዲሱ ነዋ! ከተማ እንዳለ አየር ላይ ይሰቀላል አሉ። ፀሐይ ይፈነዳል። ያንተዎቹ ምን አደረጉ? ተኙ! ፊልሙን ሙሉ ተኙ!»

«ተኝተው ሰፈር አስተካከሉ። ያንተ ፀሐይ ፈንድቶ አንድ ሰው መልካም ካደረገ ጺሜን በደረቁ ላጨው።»

«አንተ ሰው፣ ከዚያች መርከብ እኮ አልወረድክም! ኮከቡ ጋ ከደረሰች ስንት ዘመኗ! ውረድ እንጂ!»

አፈ ጉባኤ ሳቀ፤ ግን ተናደደ። ንዴቱ ደግሞ ሥራው ውስጥ ገባበት።

አንድ ፊልም ሲመጣለት ለብቻው ሦስት ጊዜ ነው የሚያየው። መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ በዓይኑ ብቻ ያያል፤ ሰው ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ድምፁ ሲጠፋ ነው ይላል። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በጆሮው ብቻ ያዳምጣል፤ የትኛው ቦታ ላይ ለመናገር ክፍተት እንዳለ የሚያጠናው ያኔ ነው። በመጨረሻ ዓይኑንና ጆሮውን አገናኝቶ ይመለከትና ቃሉን ይመርጣል።

አዲሱን ፊልም በዓይኑ ብቻ ሲያየው በሰማይ የተንጠለጠለ ከተማ፣ የሚበር ብረት፣ የሚሮጥ ሰው አየ። አንዲት አሮጊት መጥረጊያ ይዛ ስታልፍም አይቷል፤ መንገደኛ ናት ብሎ ተዋት። በጆሮው ብቻ ሲሰማው ደግሞ ነጎድጓድ ብቻ ሆነበት። ለአስተርጓሚ የምትሆን ክፍተት አንዲት ብቻ አገኘ፤ ወደ ማብቂያው አካባቢ ድምፁ ሁሉ ድንገት ይጠፋና አዳራሹ ጭር ይላል። በዚያች ቦታ የሚናገረውን ግድግዳውን እያየ አዘጋጀ፤ «እፎይ! ፊልሙም ራሱን አመመው!» ይህን ሲል ሰው በሳቅ እንደሚፈርስ፣ ፀጉር አስተካካዩም አንገቱን እንደሚደፋ ታየው። ሦስተኛ ጊዜ ግን አላየውም። «ባዶ በርሜል ምኑ ይመረመራል?» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሚስቱ የምትሰፋውን ልብስ ትታ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ፊት ለፊት ተሰየመ።

ፊልሙ ሲጀምር አፈ ጉባኤ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ገባበት። ግን አዲሱ ድምፅ ማጉያ ቃሉን ዋጠው። ከፍ አድርጎ ተናገረ፤ ፍንዳታው ከሱ በለጠ። ጮኸ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። ከመሃል አንዱ «ጋሼ፣ እኛ ማንበብ እንችላለን!» አለ። ሌላው «ተዋቸው፣ ይጩኹ፤ አየሩ የጋራ ነው!» ብሎ አሾፈ፤ ሰው ሳቀ። በገዛ ቃሉ ተሳቀበት። ፊቱ ጋለ። ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገና ዝም አለ።

ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ የቀረው ነገር ማየት ብቻ ነበር። አየ። ያቺን አሮጊት ደግሞ አያት። የፊልሙ ሁለት በራሪ ጀግኖች አደባባዩን አፍርሰው ሲሄዱ ከኋላቸው መጥረጊያዋን ይዛ ብቅ ትላለች። ድልድዩን ሰብረው ሲሄዱም ትመጣለች። ማንም አያናግራትም፤ ከሥርም ጽሑፍ አይወጣላትም። የሰበሩትን ትጠርጋለች፤ እነሱ ደግሞ ሌላ ይሰብራሉ። አፈ ጉባኤ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ሳብ አለ።

ከዚያ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ጢሱ ሁሉን ሸፈነው። ድምፁም ድንገት ጠፋ። አፈ ጉባኤ ሲጠብቃት የነበረችው ክፍተት መጣች፤ ማይክሮፎኑንም አነሣ። ቀልዱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው።

ጢሱ ሲገለጥ አሮጊቷ በፍርስራሹ መካከል ቁጭ ብላለች። መጥረጊያው ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ዙሪያዋን ታያለች። ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።

ያን ጊዜ ግድግዳ እያየ ያዘጋጀው ቀልድ ምን ላይ ሊወድቅ እንደነበር ገባው። አንዲት የደከመች ሴት ላይ ነው። ቢናገረው ሰው ይስቃል፤ ወንበሩም ይተርፋል። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ከደነው።

ከፊት ወንበር የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ ተሰማ። ሹፈት የለበትም።

«አፈ ጉባኤ፣ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም» አለ አፈ ጉባኤ በዝግታ። «ደክሟታል።»

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት «አይዞሽ እማማ» አለች። ሌላም ሰው «አይዞሽ» አለ። ድምፁ ተመልሶ ፍንዳታው ሲቀጥል ብዙ ሰው አሮጊቷ ከየት ብቅ እንደምትል እንጂ የሚበሩትን አይከታተልም ነበር። አፈ ጉባኤም እሷ በታየች ቁጥር ብቻ ጥቂት ቃል ጣል ያደርጋል፤ «ይኸው ተነሣች»፣ «በዚህ በኩል ጀመረችው»። የቀረውን ለጽሑፉ ተወለት።

ፊልሙ ሲያልቅ ወጣቱ ባለ አዳራሽ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መጀመሪያ ላይ አበላሹት።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ሰዉ ሲወጣ የሚያወራው ስለዚያች ሴትዮ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼው ልብ አላልኳትም። ማታ ማታ በጽሑፉ ይታይ። የከሰዓቱ የርስዎ ይሁን። ማጉያውንም ዝቅ አደርገዋለሁ።»

ግማሽ ነው። አፈ ጉባኤ ግማሹን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እሱም ቢሆን እንደማይገባው እያወቀ፣ በልቡ አምላኩን አመሰገነ።

አመሻሽ ላይ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ ሚስቱን «ለመሆኑ ይሄ አዲሱ ከአየሩ ፊልም ይደርሳል?» አላት።

«የአየሩ ፊልም መጀመሪያ የታየ ዕለት እኔ የት ነበርኩ?»

«አዳራሽ ውስጥ፣ ከኔ እህት ጋር።»

«ትከሻዋ ላይ ተኝቼ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሰዎችም ትተው ወጥተዋል። ስንወጣ ‹ምን ዓይነት እንቅልፋም ፊልም ነው› ነው የተባለው። ከጊዜ በኋላ ነው እንዲያ የሆነው። አንተማ ረስተኸዋል።»

ረስቶት ነበር። ያ ፊልም ከመጀመሪያውም ትልቅ ሆኖ የተወለደ ይመስለው ነበር።

በማግሥቱ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጎራ አለ። ጓደኛውም ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረለት።

«እሺ፣ አዲሱ የአየሩን ፊልም ደረሰበት አልደረሰበትም?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ ከዚያ ወጥተህ ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሱቄን ከፈትኩ።»

«ከዚያስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በመሳያ ቆዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰ። «ፀጉር የምትጠርግልኝን ሴትዮ ቁጭ በይ አልኳት። ራሴ ጠረግሁ። ምን ታያለህ? አንድ ቀን ነው!»

«አላፌዝኩም።»

«ልታፌዝ ነበር፤ ከንፈርህ ያስታውቃል።»

«ያኛው ሰፈር ሙሉ አስተካከለ፤ ይኸኛው አንድ ሱቅ አስጠረገ» አለ አፈ ጉባኤ። «ገና ነው። ልጆቻችን ይፈርዱታል። እኔ ግን አዲሱ ሰውን መልካም ሊያሠራ አይችልም ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ።»

«መስክሩ! አፈ ጉባኤ ተሸነፈ!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ወደ መንገዱ ጮኸ።

«አልተሸነፍኩም፤ እኔ ያልኩት እኮ…»

«ዝም በል፤ ምላጩ ጉሮሮህ ላይ ነው።»

አፈ ጉባኤም አገጩን ቀና አድርጎ ዝም አለ።