ቀለሙ አላማረኝም

ጋሽ ጆሮ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ሚስቱ እንኳ ካልተቆጣች በስተቀር በስሙ አትጠራውም። ብስክሌት መጠገን ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ቅጽል ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ሌላው ጠጋኝ ብስክሌት ሲመጣለት ፈቶ፣ በትኖ፣ አጥቦ ነው በሽታውን የሚያገኘው። ጋሽ ጆሮ ግን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ጎማውን ያሽከረክርና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። "የኋላ ኩሽኔታ ነው" ይላል። ወይም "ካቴናህ ተለጥጧል፤ እስከ ሳምንት አያደርስህም" ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ያለው ሆኖ ይገኛል። ደንበኛው ጥገናውን ቆሞ አይጠብቅም፤ ምርመራውን ለማየት ግን ሥራ ፈቶ ይቆማል።

ታዲያ ይሄ ጆሮ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

መጀመሪያ ጥለውት የሄዱት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ የማንቂያ ሰዓቱና የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ቀጥሎ ከጀርባው የሚናገር ሰው ጠፋበት። ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ሐኪሙ የሚለውን ያውቀዋል፤ ደግሞም ከተማው ትንሽ ነው፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አጠገቡ የሚቀመጠው ደንበኛው ነው። ስለዚህ በእጁ መስማት ጀመረ። ጣቱን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ንዝረቱን ይከታተላል፤ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ካላገኘው "ተወውና ነገ ና" ይላል። ደንበኛው ዘወር ሲል እንደ ማንም ጠጋኝ ፈቶ፣ በትኖ፣ አጥቦ ይፈልጋል።

ማንም አላወቀብኝም ብሎ ያስባል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በገዛ ቤቱ የሚወራበትን የማይሰማው እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ ቤት ውስጥ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ የሚወጋ ሴት ናት። "ጎረቤቱ ሁሉ ራዲዮውን ሸጧል አሉ፤ ዜናውን ከኛ ራዲዮ ነው የሚሰማው" ትለዋለች። እሱ ይስቅና ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እሷም ከዚያ በላይ አትገፋም፤ ቤቱ የቆመው በዚያ ጆሮ እንደሆነ ታውቃለች።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ። ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት መዝገብ ላይ ተቀምጣ ተራ ታስይዛለች። ጠዋት ግን ገና ሳይነጋ ተነስታ በአባቷ አሮጌ የብረት ብስክሌት ሰባ፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነድታ ትመለሳለች። የከተማው የብስክሌት ክለብ በዓመት ስድስት ሰው ይመለምላል፤ ደመወዝ አለው፣ ውድድር አለው፣ ከዚህች ከተማ መውጫም እሱ ነው። ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ ግን አይቀበልም። አምና ዘጠነኛ ስትወጣ አሰልጣኙ ለብቻዋ ጠርቶ፣ "እግርሽ ምንም አይወጣለትም። ሌሎቹ በስምንት ኪሎ የካርቦን ብስክሌት ዳገት ሲወጡ አንቺ አሥራ ሁለት ኪሎ ብረት ትጎትቻለሽ። ካርቦን ይዘሽ ነይ" አላት። እንግዲህ ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ዓመቱን ሙሉ እሷ ከደመወዟ፣ እናቷ ከሙሽሮቹ፣ አባቷ ከመፍቻው አጠራቀሙ። የተጠራቀመው ገንዘብ ብዙም አይደል፣ ትንሽም አይደል። ጋሽ ጆሮ በየማታው እራት ላይ ትምህርት ይሰጣት ነበር። "ገንዘብሽን አጥንቱ ላይ ጣይ" ይላታል። አጥንት የሚለው ቴላዮውን ነው፤ ጎማው፣ መሪውና ኮርቻው ሁሉ የሚታሰሩበትን አካል። "ማርሽ ይቀየራል፣ ጎማ ይቀየራል። ቴላዮ ከተበላሸ ግን ምን ትቀይሪለታለሽ? ከዛ ደግሞ ልክሽ ይሁን። ልክሽ ያልሆነ ብስክሌት በነፃ ቢሰጡሽም እንዳትወስጂ። ቀለም ምናምን የምትይ ከሆነ ግን አብሬሽ አልሄድም!"

"እሺ አባዬ፣ ቀለም አላይም" ብላ ትስቃለች።

ምልመላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሄዱ። ካርቦን የሚሸጥ ሱቅ በከተማው አንድ ብቻ ነው። ባለሱቁ ለከባድ ጥገና ሰው ወደ ጋሽ ጆሮ የሚልክ፣ የጋሽ ጆሮ የሥራው ግማሽ የሚመጣበት ጎልማሳ ነው። ሦስት ብስክሌት አወረደላቸው። "በዚህ ገንዘብ ጋሼ፣ ምርጡ አይነካም፣ ተራው ደግሞ ለእናንተ አይሆንም። መሃሉ መከራ ነው፤ ሁሉም አንድ ነገር ይጎድለዋል" አለ። እውነቱን ነው።

አንደኛው ቀይ ሲሆን ማርሹ በባትሪ የሚሠራ ነው። ጋሽ ጆሮ አንስቶ መዘነውና መልሶ አስቀመጠው። "ገንዘቡን ሁሉ ማርሹ በልቶታል። ሸሚዝ ሳይኖርህ ክራባት መግዛት ነው" አለ። ሁለተኛው ግራጫ ነበር። ቴላዮውም ፍሬኑም ደህና ነው፤ ሱቁ ውስጥ የቀረው መጠን ግን ለልጅቷ በአንድ ቁጥር ይበልጣል። ስትቀመጥበት መሪው ራቃትና ክንዷ ተወጠረ። ባለሱቁ ኮርቻው ወደ ፊት ሊገፋ እንደሚችል ሲናገር ጋሽ ጆሮ፣ "ሰፊ ጫማ ጥጥ ብትጠቀጥቅበትም ልክ አይሆንም ወንድሜ" ብሎ አፉን አስያዘው።

ሦስተኛው ጥቁር ነው። በደህናው ጊዜ የማይደፍሩት ነበር፤ ካለፈው ዓመት የቀረ ስለሆነ ዋጋው ወርዶ ኪሳቸው ላይ ደረሰ። ልጅቷ ስትወጣበት ጀርባዋ ጎንበስ፣ ክርኗ ለቀቅ አለ። ጋሽ ጆሮ ዞሮ ዞሮ አያትና ሚስቱ ለሙሽሮቹ የምትለውን አለ። "አትነቃነቂ። በቃ፣ ይሄ ያንቺ ነው።" የልጅቷ ፊት በራ።

አንድ ነገር ቀረ። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ዓይን ያየዋል። ካርቦን ግን ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከመኪና ሲራገፍ አንዴ መውደቅ ይበቃዋል። ይህን የሚያጋልጠው ድምፁ ብቻ ነው። በሳንቲም ጠርዝ ሲያንኳኩት ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ድፍን ይላል። ባለሱቁ ስልክ ተደውሎለት ወደ በሩ ሄደ። ጋሽ ጆሮ ለዚህ ሥራ የያዛትን ሳንቲም ከደረት ኪሱ አውጥቶ ተንበረከከ፤ ልጁም አጠገቡ ተንበረከከች።

ከአንገቱ ጀመረ። በላይኛው ዘንግ ሄዶ በታችኛው ተመለሰ። ጣቱ ላይ ትንሽ ንዝረት ተሰማው፤ ጆሮው ውስጥ ግን ከግድግዳ ማዶ እንደሚያወራ ሰው ያለ ነገር ብቻ። የላይኛውም የታችኛውም ያው ነው። ያን ጊዜ "ልጄ፣ እኔ አልሰማም፤ አንቺ ስሚልኝ" ቢል ኖሮ ነገሩ በአምስት ቃል ያልቅ ነበር። ቃሎቹ ጉሮሮው ድረስ መጥተዋል። ባለሱቁ ግን አምስት እርምጃ ብቻ ነው የራቀው። ልዩነት ካልሰማሁ ልዩነት የለም ማለት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

"አባዬ፣ እስቲ እዚህ ጋ ድገመው" አለችው፤ ፔዳሉ አጠገብ ወዳለው የታችኛው ዘንግ ጫፍ እያሳየችው።

ደገመው። እሷ አባቷን ትክ ብላ አየችው። እሱ ደስታ መሰለው።

"ደወል ነው!" አለ ጮክ ብሎ፣ ባለሱቁም እንዲሰማ። "ይሄ ቴላዮ ደወል ነው! ክፈይ።"

ልጅቷ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ጥቁሩን አንዴ፣ አባቷን አንዴ አየች። ከዚያ፣ "ቀለሙ አላማረኝም" አለች።

"ምን?" አላት፤ በትክክል ያልሰማ መስሎት።

"ቀለሙ። ጥቁር አልወድም። ግራጫውን ነው የምፈልገው።"

ለመናት፣ ተቆጣት፣ በባለሱቁ ፊት ሰደባት። አንገቷን ደፍታ ገንዘቡን ቆጠረችና ግራጫውን ይዛ ወጣች። እያጉረመረመ ተከተላት። ቤት ሲደርስ ለሚስቱ፣ "ልጅሽ የሦስት ሰው ላብ በቀለም ለወጠችው" አላት። ሚስቱ ልጅቷን አየቻት፤ ልጅቷ ግን ወደ ክፍሏ ገባች።

የምልመላው ቀን ሜዳው ላይ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ዳገቱ ላይ ወገቧ ያዛት፤ የራቃትን መሪ ለመያዝ ስትንጠራራ ትከሻዋ ደነዘዘ። ሰባተኛ ወጣች። አሰልጣኙ ብስክሌቱን አይቶ፣ "ልክሽ ያልሆነ ነገር ማነው የገዛልሽ? የጋሽ ጆሮ ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አላት። "እኔው ነኝ የመረጥኩት" አለች። አባቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላነጋገራትም። ሱቁ ለመጣ ሰው ሁሉ ግን ታሪኩን ይነግር ነበር፤ እንዴት በቀለም እንደተሸነፈች። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሷም በዚያ መሃል ብትገባ አብራ ትስቃለች።

ግራጫው ለሽያጭ ተብሎ የጋሽ ጆሮ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የሚገዛው ጠፋ። እሷም ጠዋት መንዳቷን ተወችና ሥራ ከመግባቷ በፊትና ከወጣች በኋላ ሱቁ መቀመጥ ጀመረች። "ቤት ምን እሠራለሁ?" አለች። አባቷ ተስፋ ቆርጣ ነው ብሎ ተዋት።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን አንድ ሰው የግራ እጁን ጀሶ ታስሮ፣ በቀኙ ብስክሌት እየገፋ መጣ። ጋሽ ጆሮ ጥቁሩን አየና ወዲያው አወቀው። ፔዳሉ አጠገብ ያለው የታችኛው ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰንጥቆ ነጭ ክሩ ወጥቷል።

"ጋሼ፣ ይሄን ብስክሌት ያውቁታል?" አለ ሰውዬው። ከፊት ለፊቱ ቆሞ ስለነበር ጋሽ ጆሮ ከንፈሩን አጥርቶ አነበበ። "ባለሱቁ 'ጋሽ ጆሮ በሳንቲም አንኳኩቶ ደወል ነው ብሎታል' ብሎ ነው የሸጠልኝ። ቁልቁለት ላይ ለቀቀኝ። ልከስህ ነው ስለው ባለሱቁ ራሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አንዲት ልጅ በነጋታው ደውላ 'ጥቁሩ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ እንዳትሸጠው' ብላው ነበር አሉ። እሱ ግን 'ከጋሽ ጆሮ አንቺ ትበልጫለሽ?' ብሎ ሳቀባት። እኔም የእርስዎን ስም ሰምቼ ነው ገንዘቤን ያወጣሁት።"

ጋሽ ጆሮ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አሳረፈ። የዚያን ቀን አጠገቡ የተንበረከከችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ድገመው ብላ ያሳየችው ቦታ ይኸው ነው፣ ተሰንጥቆ። ሰምታለች። እሱ እንዳልሰማም አይታለች። ባለሱቁ ፊት አባቷን ከማዋረድ ልኳ ያልሆነውን ወሰደች፤ ስድቡንም፣ ሳቁንም፣ ሰባተኛነቱንም አብራ ወሰደች።

እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ይሄ ነበር። የተሰበረ እጅ ፊቱ ቆሟል። ጋሽ ጆሮ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እኔ ሳየው ጤነኛ ነበር። የሆነ ቦታ ጥለኸው ነው" አለ። ሰውዬው ብዙ አየውና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። ጋሽ ጆሮ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ ድረስ አንድ መፍቻ አላነሳም።

ማታ ሚስቱ ሳህን ስታነሳ ልጁን ጠየቃት። "ያን ቀን... ጥቁሩን ስናንኳኳ። ሰምተሽ ነበር?"

ልጅቷ መጀመሪያ እናቷን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዙራ፣ ፊቷን ወደ መብራቱ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ለቅማ ተናገረች። "ቀለሙ አላማረኝም ነበር አባዬ። ስንቴ ልንገርህ?"

ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የምታናግረው። ፊቷን ወደ እሱ፣ ወደ መብራቱ፣ ቀስ ብላ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አቃተው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አስተማሪ ብስክሌቱን ይዞ መጣና ምርመራውን ለማየት ቆመ። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ጎማውን አሽከረከረው፤ ዓይኑን መጨፈን ግን ከተወ ሰንብቷል። ልጁ ከአስተማሪው ትከሻ ኋላ የሥራ ገበታውን ትጠርግ ነበር። ጨርቋን አቆመችና አዳመጠች። ቀና ብላ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ "የፊት ኩሽኔታ" አለችው። በእነዚህ ወራት ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኖ እንደሆነ፣ እሱም ከንፈሯን እያነበበ በጣቴ ነው ያገኘሁት ሲል እንደከረመ፣ አሁን ገባው።

"የፊት ኩሽኔታ ነው" አለ ጋሽ ጆሮ።

"ወይ ጋሽ ጆሮ!" አለ አስተማሪው እጁን አፉ ላይ ጭኖ። "ይሄን ጆሮህን አይንሳን እኮ!"

"አሜን" አለ። ልጁ መፍቻውን ስታቀብለው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።