የኋለኛው በር ጭረት

የአውራጃው ገዥ መኪናዋን ከአስመራ ሲያስመጧት እስከ ከተማችን እስከ አርብ ገበያ ድረስ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ጂፕ እንኳ እያቃሰተ የሚያልፍበትን ኮረኮንች፣ ሆዷ መሬት በሚልስ አውቶሞቢል እንድነዳ ተቀጠርኩ። ቀለሟ ብርማ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ የደቀቀ ብር የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን ይወጋል፣ አቧራ ሲያርፍበት የአመድ ክምር ይሆናል። ጋይንት ውስጥ ደግሞ በበጋ ከአቧራ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ እኔ ሹፌር ተባልኩ እንጂ ሥራዬስ ወልዋይነት ነበር።

መወልወሉን አልጠላሁትም። የጠላሁት ፍርሃቱን ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር የፊት መብራት ሰብሮ ክረምቱን ሙሉ እስር ቤት መክረሙን የነገሩኝ በተቀጠርኩ ማግስት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ባነሳሁ ቁጥር እስር ቤቱ ትዝ ይለኛል። በጨርቁ እጥፋት ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች፣ አንተ አሳመርኩ ብለህ ስታሽ እሷ ቀለሙን እየሞነጫጨረች ትከተልሃለች። ስለዚህ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አያለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ደግሜ አያለሁ። የግቢው ወጥ ሠሪ «ቅማል ትለቅማለህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ፤ የምትታሰረው እሷ አይደለች።

ጉዱ የመጣው በገበያ ቀን ነው። መኪናዋን ከገበያው ዳር አቁሜ ገዥውን ስጠብቅ፣ የባሕር ዛፍ አጠና የጫነች አህያ በርግጋ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። አጠናው በወጉ አልታሰረም፤ ጫፉ ወደ ጎን ተንጋዶ ነበር። ያ ጫፍ የኋለኛውን በር፣ ያውም ገዥው በሚገቡበት በኩል፣ እየፋቀ ሲያልፍ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያፋጨኛል። ዘልዬ ስወርድ አህያዋ ሕዝቡ ውስጥ ገብታለች፤ ከባለቤቷም ያየሁት ጎኑንና ጀርባውን ብቻ ነው። በሩ ላይ ከመያዣው እስከ ፓራፋንጎው፣ እስከ ኋላ ጎማው ክዳን፣ የሚደርስ ጭረት ቀረ።

ገዥው ጭረቱን ሲያዩ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«በሚመጣው ሳምንት ወገዳ ከተማ ሄደን ከጎንደር የሚመጡትን እንግዳ እንቀበላለን» አሉኝ ረጋ ብለው። «እስከዚያ ወይ ይህ ጭረት ይጥፋ፣ ወይ የአህያዋ ባለቤት ይምጣ። ሁለቱም ካልሆነ የምትታሰረው አንተ ነህ።»

ዘበኞቹ ባለ አህያውን ፍለጋ በየመንደሩ ተበተኑ። አህያ የሌለው ገበሬ በሌለበት አገር ባለ አህያ ይፈለጋል? እኔም በእነሱ ተስፋ ቆርጬ የፖሊሽ ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ያለችኝ ያቺ ብቻ ነች፤ እሷም ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ላምባ ጠብ አድርጌ አለሰለስኳት፣ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ክብ ክብ እያደረግሁ ጭረቱን አሸሁት። ዳር ዳሩ ለዘበ፤ መካከሉ ግን ጠልቆ ስለነበር ነጭ ክር መስሎ ቀረ። ከዚያ በላይ ካሸሁት ቀለሙ አልቆ ብረቱ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ እጄን ሰብስቤ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ሰም ትዝ አለኝ። ከጠጅ ቤቷ ሴትዮ ሰፈፍ ለምኜ አመጣሁ፤ ማሩ ሲበጠበጥ ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰም ማለቴ ነው። አቅልጬ፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ፣ ከላምባ ጋር ለወስኩት። ሲበርድ በጣቴ እየጠቀጠቅሁ ጭረቱን ሞላሁትና እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

የጉዞው ቀን በማለዳ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ጥላ ሥር አስገብቼ መጨረሻውን ውልወላ ጀመርኩ። ሰም የጋለ ቀለም ላይ ይዝረከረካል፤ ፀሐይ ሳትበረታ መጨረስ አለብኝ። በሩ እየጠራ መጣ። መጀመሪያ ሰማዩ ታየ፣ ቀጥሎ የወይራው ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎ የእኔ የተጨማደደ ፊት። ጭረቱ ጎንበስ ብለህ ከጎን ካላየኸው በቀር አይታይም። ልቤ መለስ ሊልልኝ ሲል በበሩ ውስጥ፣ ከትከሻዬ በላይ፣ ትልቅ ድንጋይ ያነሳ ሰው አየሁ።

መዞር አቃተኝ። መጀመሪያ የታሰበኝ ራስ ቅሌ እንዳይመስላችሁ፤ «በሩን ሊያደቀው ነው» አልኩ በሆዴ። እኔም ራስ እንዳለኝ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቄን ጨብጬ ቁጢጥ እንዳልኩ ሰውየውን በበሩ ውስጥ ብቻ አየዋለሁ። አንድ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ ተንበረከከ።

ያን ጊዜ ዞርኩ። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ነው፤ በሁለት እጁ ደግፎታል። ለካ ሰውየው ሊመታኝ ሳይሆን ሊማጠነኝ ነው የመጣው። በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን የሚሄድን ሰው ዘበኛም አይከለክልም፤ እንዲያ ብሎ ነው ከግቢው የገባው። ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው።

«ስለ እመቤታችን፣ ጌታው» አሉኝ። «አህያዋ የእኔ ናት። በእኔ ጥፋት እርስዎ ሊታሰሩ ነው ሲባል ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። እኔም እጄን እንዳልሰጥ እህሌ ገና አውድማ ላይ ነው፤ ከታሰርኩ ከብት ይጨርሰዋል። ይማሩኝ።»

«አባቴ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ድንጋዩን ይጣሉና በጓሮ በኩል ይውጡ።»

«ምሬዎታለሁ ሳይሉኝ እንዴት እጥላለሁ?»

ምሬዎታለሁ ካልኩ ቃል ነው፤ ነገ ጭረቱ ቢታይ እኒህን ሰውዬ አሳልፌ መስጠት አልችልም፣ የምገባው እኔ ነኝ። እስር ቤቱን በሩቁ አውቀዋለሁ፤ ጠረኑ መንገድ ድረስ ይመጣል። ፈራሁ። ሽማግሌው በጎናቸው ቀና ብለው ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ።

እንዲህ እንዳለን ገዥው ካባቸውን ደርበው ከነዘበኞቻቸው ብቅ አሉ።

«ይህ ደግሞ ማነው? ምን አድርጎ ነው?»

ሽማግሌው መናገር ሲጀምሩ ቀደምኳቸው። «እኔን በድሎኝ ነው፣ ጌታዬ። ይቅርታ ሊለምነኝ ነው የመጣው።»

ውሸት አልነበረም። ገዥው ግን ቱግ አሉ። «ታዲያ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ እየለመነህ ጨርቅ ይዘህ ትገተራለህ? ክርስቲያን አይደለህም? ማረው!»

«ምሬዎታለሁ፣ አባቴ» አልኩ፤ ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም። አንዱ ዘበኛ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አውርዶ ወይራው ሥር ጣለው። ሽማግሌው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ከለከልኳቸው፤ መሬቱን ስመው በደጁ ወጥተው ሄዱ።

ገዥው ወደ መኪናዋ ዞሩ። በሩ ውስጥ ራሳቸውን ሲያዩ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ የካባቸውን ወርቀ ዘቦ አስተካከሉ። «መልካም» አሉ። ከዚያ ሊከፍቱት እጃቸውን ሲልኩ አውራ ጣታቸው ከመያዣው አጠገብ ቆመ። ቀስ ብሎ ጭረቱን ተከትሎ እስከ ፓራፋንጎው ሄደ። ጥፍራቸው ሥር ሰም ገባ። አሸተቱት። ወደ ድንጋዩ አዩ፣ ወደ ግቢው ደጅ አዩ። ከዚያ ገቡና ተቀመጡ።

ወደ ወገዳ የሚወስደውን ቁልቁለት እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። መሪው በላብ ከእጄ ይሾልካል። በስፖኪዮው መስታወት ፊታቸውን ሰርቄ አያለሁ፤ የሚነበብ ነገር የለውም። እኔን ወገዳ ሲያስሩኝ፣ ዘበኛ ልከው ሽማግሌውን ከአውድማቸው ሲያስነሷቸው፣ ሁሉም በዓይኔ ይሄድብኛል። ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ፣ በከዘራቸው ቢነርቱኝ እመርጥ ነበር።

ከተማዋ ስትታይ ከኋላ «ያ ሽማግሌ» አሉ።

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ሁለተኛ አጠና ሲጭን አጥብቆ ይሰር በለው።»

እሳቸውም ቀጠሉ። «ማረው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አንተ ጭረቱ ለእንግዳው እንዳይታይ የመኪናዋን አቋቋም ብቻ እወቅበት።»

ወገዳ ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታ ሰሙ ቀልጦ፣ የመንገዱ አቧራ ጭረቱ ላይ ተለጥፎ፣ በሩን ያቋረጠ ቡናማ መስመር ሆኗል። እንግዳው እስኪደርሱ መወልወያ ጊዜ አልነበረም። ገዥው ወርደው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ በሩን ዘግተው ጀርባቸውን ደገፍ አደረጉበት። እንግዳው መጥተው ሲጨባበጡ፣ ሲስቁ፣ ስለ መንገዱ ክፋት ሲጨዋወቱ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

ማታ ካባቸውን አውልቀው ወረወሩልኝ። ጀርባው ላይ ሰሙ ተላክኮበታል። ሽታው እንዳይቀር ያለ ላምባ እንዳስለቅቀው አዘዙኝና ገቡ፤ እኔም ካባውን ታቅፌ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሰሙን በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።