የጠርሙሶቹ ክር

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አክስቴ ደግሞ፣ በእናቴ አባባል፣ የክር ሌባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አክስቴ ከቤታችን በወጣች ቁጥር እናቴ የክር ሣጥኗን ከፍታ፣ "ይኸው! ማር መሳዩ ክር ጎድሏል!" ወይም "ዝገቱ ጎድሏል!" ብላ ትጮኻለች። እውነቷን ነው፣ ይጎድላል። አክስቴም አንድም ቀን ክዳ አታውቅም። "አንድ ክንድ ክር ነው፣ አትሞቺም" ብላ ትስቃለች።

ክሩ የሚሄደው ወደ መሥሪያ ቤቷ ነበር። አክስቴ በአንድ ኮሌጅ የእንስሳት ናሙና ክፍል ጠባቂ ናት። መደርደሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠርሙስ ነው፤ በየጠርሙሱ አልኮል ውስጥ የተጠመጠመ እባብ አለ። አብዛኞቹ ከከተማው ውጭ ካለው ረግረግ የመጡ፣ ሰው የገደላቸው ወይም መኪና የሄደባቸው፣ የአንድ ዝርያ እባቦች ናቸው። መርዝ የላቸውም። እናቴ ግን ቢምሉላት ቢገዘቱላትም ይህን አታምንም።

አንድ ዝርያ ይሁኑ እንጂ አንድ መልክ አልነበራቸውም። ከአንዲት እናት እንቁላል አንዱ ጡብ መስሎ፣ አንዱ ጠቁሮ፣ አንዱ ቢጫ መስመር ይዞ ይወጣል። እባቦቹን ያጠኑ የነበሩት አዛውንት መምህር፣ "ይህ ጤና ነው። እርስ በርስ በዝምድና ብቻ መዋለድ ከጀመሩ መልካቸው አንድ እየሆነ ይሄዳል፤ ያኔ አንድ በሽታ ይበቃቸዋል" ይሏት ነበር። ችግሩ፣ አልኮል ቀለም ይበላል። እባቡ ከገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ግራጫ ይሆናል። መምህሩ ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ለቀለም ዓይን አልነበራቸውም፤ መዝገባቸው ላይ ከጥቁሩ በቀር ሁሉንም "ቡናማ" ብለው ነው የሚጽፉት።

አክስቴን ይህ አበሳጫት። "የቱ ቡናማ? እህቴ ሣጥን ውስጥ ሰባት ቡናማ አለ!" አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ እባብ በመጣ ቁጥር መልኩን በዓይኗ ይዛ እኛ ቤት ትመጣለች፤ የሚመስለውን ክር ሰርቃ ሄዳ ጠርሙሱ አንገት ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች።

መምህሩ በሞቱ በዓመቱ አዲስ የሕንፃ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቦታ ጠቦት ነው።

"እትዬ፣ ይህ ሁሉ እኮ አንድ እባብ ነው" አላት። "አንዱን እናስቀምጥና ሌላው ዓርብ ይወገድ።"

"አንድ አይደሉም። ክሩን ይመልከቱ።"

ተመለከተ። መደርደሪያው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው፤ የስንት ዓመት ፀሐይ ክሩን ሁሉ አንጥቶታል። አክስቴ በየቀኑ ስለምታየው ልብ አላለችውም ነበር።

"እስከ ዓርብ ልዩነታቸውን ካሳዩኝ አልነካቸውም" ብሏት ወጣ።

ማታውን እኛ ቤት መጥታ ሣጥኑን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። እናቴን ያስደነገጣት ይህ ነው።

"ምን ሆነሻል? ዛሬ አትሰርቂም?"

አክስቴ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። "ሠላሳ ዓመት ነጭ ክር ሳስር ነው የኖርኩት" አለች።

እናቴ ነገሩን ሁሉ ካስነገረቻት በኋላ፣ "ቋጠሮውንስ ፈታሽው?" ብላ ጠየቀች።

"የምን ቋጠሮ?"

"አይ አንቺ! ልብስ ሰፊ እህት ይዘሽ? ፀሐይ ቋጠሮ ውስጥ አይገባም።"

ዓርብ ጠዋት እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ወደዚያ ክፍል ገባች። ጀርባዋን ለእባቦቹ ሰጥታ ተቀመጠች። አክስቴ ከየጠርሙሱ ክሩን እየቆረጠች ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዓመት ትጠራለች፤ እናቴ ቋጠሮውን በመርፌ ጫፍ ታላላለች። ከመሃሉ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀለም ብቅ ትላለች። "ይሄ ዝገቱ ነው። ይሄ ቀረፋው። ይሄን እኮ ለጎረቤታችን ኮት የገዛሁት ነው፣ አንቺ ሌባ!" እኔ ቋጠሮዎቹን በዓመት በዓመቱ በረድፍ ነጭ ወረቀት ላይ እለጥፋለሁ። ኃላፊው ጠርሙሶቹን ከሚያወጡት ሠራተኞች ጋር መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ረድፍ አሥራ አንድ ቀለም ነበረው። አውራ ጎዳና ተሠርቶ ረግረጉን ለሁለት ከከፈለው ወዲህ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ አምስት። የመጨረሻዎቹ ሦስት ረድፎች ላይ አንድ ቡናማ ብቻ ነበር።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን አየችው። "እዚህ ላይ ምነው? ሌላውን ክሬን መስረቅ ተውሽ?"

አክስቴ ጣቷን በረድፎቹ ላይ ወደ ታች አስኬደች። እሷም በአንድ ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

"አልተውኩም" አለች ቀስ ብላ። "ሌላ መልክ ያለው መምጣቱን ተወ።"

ኃላፊው ሠራተኞቹን በእጁ መለሳቸው። "አንድም ጠርሙስ አይነካም" አለ።

እናቴ ወንበሯን አዞረችና ለመጀመሪያ ጊዜ እባቦቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

"ማር መሳዩ የቱ ነበር?" አለች።

አክስቴ አንድ ግራጫ እባብ አሳየቻት።