የፎንቆው ቢጫ ቅቤ

ትናንት ልጄ ስልኳን ወደ እኔ አዙራ፣ «እማዬ፣ ይሄን ለዘመድ ሁሉ ልላከው?» አለችኝ። የአንድ ነጋዴ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ሌባ» ይላል። «ማን ነገረሽ?» አልኳት። ፊቷን አኮሳተረች። ነገር የማካብድ መስሏት ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ የተማርኩት ፎንቆ ገበያ መሐል፣ አፍሬ ነው።

ያኔ ሆሳዕና ውስጥ የወጣቶች ማኅበር ነበረን። ፌስቡክ ሐሰት የሚነዛበት ሳይሆን ሰው ስለ መብቱ የሚነጋገርበት እንዲሆን በየከተማው እየዞርን እናስተምር ነበር። ቲሸርታችን ላይ «ሳታጣሩ አታጋሩ» ተጽፏል። የመስቀል በዓላችን ያሆዴ ሲቃረብ አንድ ፎቶ አየሁ፤ በእንሰት ቅጠል ላይ ቢጫ ቅቤ፣ አጠገቡ ሙዝ። «ፎንቆ ላይ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ እየተሸጠ ነው» ይላል። በያሆዴ አታካና፣ በቅቤ የራሰው የቡላ ምግባችን፣ ካልተበላ በዓል አይባልም። ሕዝቡ ይጠንቀቅ ብዬ እኔው በማኅበሩ ገጽ ለጠፍኩት። ሰው ደግሞ ገጻችንን ያምን ነበር።

በገበያው ቀን ጓደኛዬ ደወለ። «የፎቶውን ቅቤ ሻጭ ፎንቆ ላይ ወጣቶች ከበዋቸዋል፤ ቅቤውን ሊደፉት ነው» አለኝ። ከመናኸሪያ በሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱ ገና ጭቃ ነበር።

ወይዘሮ አበበች ከአንጋጫ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ቅቤያቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ «ልጆቼን የማስተምረው በዚህ ነው» ይላሉ። አቶ ላምቤቦ የተባሉ ሽማግሌ በከዘራቸው ወጣቶቹን ገታ አደረጉ። በእኛ ዘንድ በሽማግሌ ፊት ወሬ ያመጣ ሰው ከማን እንደሰማ ሳይናገር አይደመጥም።

«አንተ ከማን ሰማህ?» አሉት አንዱን ወጣት።

«ከአጎቴ ልጅ።»

«እሱስ?»

«ከስልክ።»

«ስልክ አፍ የለውም። የማን ስልክ?»

ልጁ የማኅበራችንን ስም አነበበ። ሰዉ ሁሉ ወደ ቲሸርቴ ዞረ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኩ።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

አቶ ላምቤቦ ቅቤውን በጣታቸው አሽተው ቀመሱ። «ክረምት አልፎ ላም ለምለም ሣር ስትግጥ ቅቤዋ ቢጫ ይሆናል። ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ነው።»

«ሙዙስ?» አለ አንዱ።

«ምሳዬ ነው» አሉ ወይዘሮ አበበች። ገበያው በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ።

«ገጻቸው ይዘጋ!» ያለም ነበር። አቶ ላምቤቦ ግን፣ «ለምን ይዘጋል? በተሳሳተችበት አፍ ታርመው» አሉ። እዚያው ቆሜ፣ ሽማግሌው ቅቤውን ዳግም ሲቀምሱ ቀርጬ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ለጠፍኩት። ወይዘሮ አበበች ያመጡት ቅቤ ሳይመሽ ተሸጦ አለቀ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጄ ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ማን እንዳለው አላውቅም» አለችና ፎቶውን አጠፋችው።

ወይዘሮ አበበች ዛሬም ለያሆዴ ቅቤ ይልኩልኛል። ቅጠሉን ስፈታው ሁልጊዜ ከቅቤው ጎን አንድ ሙዝ አገኛለሁ።